የማድ ቤታችን መደብ ከምን ይሠራ?

“ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም” ይባላል። እውነት ነው። ወጥን የሚያጣፍጠው የባለሙያዋ እጅ ነው። ይሁን እንጂ ሽንኩርቱ ምን ላይ ተከተፈ? ሊጡ የት ቆየ? ምድጃው ከልጆች ምን ያህል ይርቃል? እነዚህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። የጤና፣ የወገብና የልጆች ሕይወት ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚሠራ የማድ ቤት መደብ እንማራለን። መደቡን ከጭቃ፣ ከእንጨት፣ ከድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ መሥራት ይቻላል። የትኛው ይሻላል? እያንዳንዱ ጥቅምም ጉዳትም አለው። አንድ በአንድ እንመልከት።

1. መደብ ለምን ያስፈልጋል?

በብዙ የገጠር ቤት የማድ ቤት ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ነው። እናት ጎንበስ ብላ ወይም በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትሠራለች። ሽንኩርት የምትከትፈው፣ የዶሮውን 12 ብልት የምታወጣው፣ እንጀራ የምትጋግረው እዚያው መሬት ላይ ነው። ይህም ሦስት ጉዳት ያመጣል።

አንደኛው ጉዳት ቆሻሻ ነው። ዶሮና ፍየል የሚረግጡት፣ ሕፃን የሚሸናበት፣ አቧራ የሚቦንንበት መሬት ለምግብ ዝግጅት አይመችም። ዓይን የማያየው ጀርም ከመሬት ወደ ምግብ፣ ከምግብም ወደ ሆድ ይገባል። ከዚያ በኋላ ተቅማጥ ይከተላል።

ሁለተኛው የወገብ ሕመም ነው። በየቀኑ ለሰዓታት የምትጎነበስ ሴት ወገቧ ይጎዳል። ውሃና እንጨት መሸከም ሲጨመርበትማ ምን ይባላል!

ሦስተኛው እሳት ነው። መሬት ላይ ወዳለ እሳት ድሆ የሚሄድ ሕፃን በቀላሉ ይደርሳል። መሬት ላይ የተቀመጠ የፈላ ድስት በትንሽ እጅ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ። ልጅ ሲቃጠል ቁስሉ ላይ ሊጥ፣ ቅቤ ወይም እበት አታድርጉ። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቶሎ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

2. የባልና የሚስት ክርክር

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ባልና ሚስት እናስብ። አራት ልጆች አሏቸው። ትንሹ ልጅ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ማታ ይህ ልጅ መሬት ላይ የነበረውን የሽሮ ድስት ጎተተው። ክንዱ ተቃጠለ። ደግነቱ ቶሎ ውሃ አፈሰሱበትና ወደ ጤና ኬላ ወሰዱት። ልጁ ዳነ። ጠባሳው ግን ቀረ።

በማግስቱ ሚስት እንዲህ አለች።

“ከእንግዲህ መሬት ላይ አልሠራም። መደብ ይሥሩልኝ።”

“እሺ፤ ባሕር ዛፍ ቆርጬ ጠረጴዛ አስመታልሻለሁ” አለ ባል።

“እሳት ያለበት ቦታ እንጨት? ደግሞስ ምስጡ ይተወዋል? የእናቴ ቤት መደብ ጭቃ ነበር። እሱ ይሻለኛል።”

“ጭቃ በምን ይታጠባል? ዶሮ ስታርጂ ደሙን ይመጠዋል። እንግዲያውስ በሲሚንቶ እናሠራው።”

“የሲሚንቶውን ገንዘብ ከየት ያመጣሉ? የልጆቹ ደብተር አልተገዛም እኮ!”

ታዲያ እውነቱ ከማን ጋር ነው? ለጊዜው እናቆያቸውና ስለ እያንዳንዱ ነገር እንወቅ።

3. የጭቃ መደብ

የጭቃ ዋና ጥቅሙ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። አፈሩ ከደጅ፣ ጭዱ ከአውድማ ይገኛል። እሳት አያቃጥለውም። ሲሰነጠቅም ባለቤቱ ራሱ ይጠግነዋል።

ነገር ግን አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀይ አፈር ይሻላል። አፈሩን ለመፈተን በውሃ ለውሳችሁ እንደ ብርቱካን አድቦልቡሉትና በጥላ አድርቁት። ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨመርበት። በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ አሸዋው በዝቷል።

የጤፍ ጭድ ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለ ሆነ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። ጭቃው በእግር ይቦካል፤ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እንደገናም ይቦካል። መደቡ ሲገነባ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ይደረጋል። ድንጋዩ እርጥበትን ይከላከላል። ጭቃው በአንድ ቀን ተቆልሎ አይጨረስም። አንድ ስንዝር ያህል ተሠርቶ ትንሽ ሲጠነክር ሌላው ይደረብበታል።

የጭቃ ጉዳቱ አለመታጠቡ ነው። ውሃ ሲፈስበት ይለሰልሳል። ደምና ዘይት ይመጣል። ብዙ ቤት ስንጥቁ እንዲደፈን በእበት ይለቀለቃል። እበት ለግድግዳ ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ ጀርም ስለሚኖር ምግብ በሚነካው ቦታ ላይ መቀባት የለበትም።

ስለዚህ ጭቃ ለምድጃ ማስቀመጫ ጥሩ ነው። ሥጋና አትክልት ለማዘጋጃ ግን ብቻውን አይበቃም።

4. የእንጨት መደብ

እንጨት ቀላል ነው። ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል። ቢላዋ አያደነዝዝም። ሸክላ ድስት ቢወድቅበት እንደ ድንጋይ ቶሎ አይሰብርም።

በአገራችን በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ዛፍ ሲሆን ወደ እኛ አገር የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከተመታ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ሳንቃው በጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በየመሐሉ ነፋስ እያለፈ፣ ለወራት መድረቅ አለበት። ዋንዛ ለአናጢ ይመቻል። ጽድ ምስጥን ይቋቋማል። ነገር ግን እነዚህ የአገር ዛፎች እየጠፉ ስለ ሆነ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። አንዱን የቆረጠ ሰው አሥር ቢተክል ለልጅ ልጁ ያስባል ማለት ነው።

እንጨት ሦስት ጠላቶች አሉት። እነሱም ምስጥ፣ እሳትና ውሃ ናቸው። ለምስጡ የጠረጴዛው እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። ምስጥ በድንጋዩ ላይ የአፈር መንገድ ሲሠራ ስለሚታይ ወዲያው ይጠረጋል። ለእሳቱ ጠረጴዛው ከምድጃው ይራቅ። ለውሃው ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል።

ሌላም ችግር አለ። ቢላዋ በእንጨት ላይ ጭረት ይሠራል። በጭረቱ ውስጥ የጥሬ ሥጋ ደም ይገባል። በዚያው ላይ ለጥሬ የሚበላ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ከተከተፈ ጀርሙ ይተላለፋል። ስለዚህ ሁለት መክተፊያ መያዝ ይበጃል። አንዱ ለጥሬ ሥጋና ለዶሮ፣ ሌላው ለአትክልት ይሁን። እንዳይምታታ አንዱን በቢላዋ ምልክት አድርጉበት። መክተፊያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይፈተግና በፀሐይ ይሰጣ። ጭረቱ ሲበዛ ይጠረብ ወይም ይጣል።

5. የድንጋይ መደብ

እናቶች ድንጋይን ያውቃሉ። ወፍጮና መጅ የትኛው ድንጋይ እንደሚበረታ፣ የትኛው እንደሚያልቅ አስተምሯቸዋል። ለመደብ የሚሆነውን ድንጋይ ለመምረጥም ዕውቀቱ ያው ነው። አራት ፈተናዎች አሉ።

የመጀመሪያው የውሃ ፈተና ነው። በድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ውሃው ቶሎ ከሰረገ ድንጋዩ ቀዳዳ ይበዛዋል። ዘይትና በርበሬም እንዲሁ ይገባበታል። የበርበሬና የእርድ ቀለም ከገባ ደግሞ አይወጣም። ውሃው እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ከቆየ ድንጋዩ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የሎሚ ፈተና ነው። ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ድንጋዩ የኖራ ዘር ነው። እምነ በረድም ከዚሁ ወገን ነው። እምነ በረድ ያምራል። በቤኒሻንጉልና በትግራይ ይወጣል። ነገር ግን የሎሚ ኮምጣጣነት ይበላዋል። ዶሮ በሎሚና በጨው በሚታጠብበት ቤት እምነ በረድ ሳይቆይ ውበቱ ይጠፋል፤ ላዩም ይሻክራል።

ሦስተኛው የቢላዋ ፈተና ነው። በቢላዋ ጫፍ ጫሩት። በጥልቀት ከተጫረ ለስላሳ ነው። በማግስቱ ከምግቡ ጋር አሸዋ ትበላላችሁ ማለት ነው።

አራተኛው የድምፅ ፈተና ነው። ድንጋዩን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ሙሉ ነው። በጥንት ገዳማት እንደ ደወል የሚመታ ድንጋይ እንዳለ ታውቁ ይሆናል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን በውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል።

እነዚህን ፈተናዎች ሁሉ በደንብ የሚያልፈው በደጋው አገራችን በብዛት ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ነገር ግን ጠንካራ ስለ ሆነ ለመጥረብ ያስቸግራል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ድንጋይ 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ከሥሩ የሚሸከመው ግንብ ጠንካራ መሆን አለበት።

ለእሳት ቦታ ድንጋይ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ እሳት ላይ አይደረግም። በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

6. የሲሚንቶ መደብ

ሲሚንቶ የድንጋይን ጥንካሬ ይዞ እንደ ጭቃ በፈለግነው ቅርጽ ይሠራል። ይታጠባል። ምስጥና አይጥ አይበሉትም። ጉዳቱ ገንዘብ መጠየቁ ነው። ሆኖም ብዙዎች እንደሚያስቡት ብዙ ሲሚንቶ አይፈጅም። እስቲ እናስላ።

መደቡ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ 16 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ የአንድ ከረጢት ሲሶ ያህል ይበቃል። ላዩን ለማለስለስ ጥቂት ቢጨመርበት እንኳ ግማሽ ከረጢት አይሞላም። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ከረጢት በጋራ ገዝተው ሁለት መደብ መሥራት ይችላሉ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀ. አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር በአንድ ዓይነት መስፈሪያ ይሰፈር። አሸዋው ንጹሕ ይሁን። በእጅ ሲታሽ እጅን ካቆሸሸ አፈር አለበት፤ ይታጠብ።

ለ. ደረቁ በደንብ ከተደባለቀ በኋላ ውሃ ይጨመር። ውሃ ማብዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ውህዱ እንደ ገንፎ እንጂ እንደ አጥሚት መሆን የለበትም። ውሃ የበዛበት ሲሚንቶ ይደክማል።

ሐ. በተስተካከለ መሬት ላይ ላስቲክ ይነጠፍ። ዙሪያው በሳንቃ ይታጠር። ውህዱ ግማሽ ጣት ያህል ከፈሰሰ በኋላ ቀጫጭን የፌሮ ብረት በርዝመትና በስፋት ይዘርጋበት። ከዚያ የቀረው ይሞላ። ብረቱ ወደ ታች የሚሆነው ለምንድን ነው? ከላይ ዕቃ ሲጫን ከሥር ያለው ክፍል ስለሚሳብ ነው። ሲሚንቶ መጫንን ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም። መሳቡን የሚችልለት ብረቱ ነው።

መ. ላዩ በግንበኛ ማንኪያ ይለስልስ።

ሠ. በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም። ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው። ውሃ ካጣ ይሰነጠቃል። ከ14 ቀን በኋላ ይነሣ። 28 ቀን ሲሆነው በደንብ ይጠነክራል። ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን አራት ሰው ያንሣው።

ማስጠንቀቂያ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። እጅ ቶሎ ይታጠብ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬድ።

ሲሚንቶም ሎሚ አይወድም። የኮመጠጠ ነገር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሎሚና እርሾ ሲፈስበት ወዲያው ይታጠብ። እሳትም በቀጥታ አይነድበት፤ ይሰነጠቃል። እሳት የሚነድበት ቦታ ላይ አራት ጣት ያህል ጭቃ ይደልደልበት። በርበሬና ቡናም በላዩ አይወቀጥ። ሙቀጫ ቦታው መሬት ነው።

7. ሌሎች ነገሮች

አንዳንዱ በእንጨት ላይ ቆርቆሮ ይመታል። ቆርቆሮ ይታጠባል። ነገር ግን ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ላዩ የተቀባው ነጭ ነገር ደግሞ በሎሚና በኮምጣጣ ምግብ ይሟሟል፤ ሆድም ያማል። ስለዚህ ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ ምግብ ማዘጋጃ አይሁን። ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ለእሳት ግን ፈጽሞ አይመችም። በከተማ የሚሠራበት ሴራሚክ ጥሩ ነው፤ ሎሚም አይበላውም። ቆሻሻ የሚይዘው በመጋጠሚያው ላይ ስለ ሆነ መጋጠሚያው በብሩሽ ይፈተግ።

8. የመደቡ ቁመት

ከምንም የተሠራ ይሁን፣ ቁመቱ ከተበላሸ ጥቅም የለውም። ቁመቱ የሚለካው በግንበኛው ሳይሆን በምትሠራበት ሴት ነው። ቀጥ ብላ ትቁም። ክርኗን ትጠፍ። ከክርኗ በታች ግማሽ ስንዝር ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ምልክት ይደረግ። የመደቡ ላይ እዚያ ይሁን።

የምድጃው መደብ ግን ዝቅ ማለት አለበት። ምድጃውና ምጣዱ በላዩ ስለሚደረቡ ነው። አለዚያ እንጀራ ስትጋግር ክንዷን ወደ ላይ ማንሣት ይኖርባታል፤ ሙቀቱም ፊቷን ይመታታል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚበጅ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። መደብ ለመሥራት ያሰበ ሰው ለምርጥ ምድጃ የሚሆን ቦታ ቢተው ሁለት ጥቅም ያገኛል። ጢሱም እንዲወጣ በጣሪያው ሥር መስኮት ይኑር።

9. ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ?

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ነገሩን ሲያውቁት አንዱ ብቻ ትክክል እንዳልሆነ ገባቸው። ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ነገር የለም።

መሠረቱንና እግሩን በድንጋይና በጭቃ ሠሩት። ድንጋዩን ባል ከእርሻው ለቀመ። ጭቃውን ልጆቹ አቦኩ። የምድጃው ቦታ በቀይ አፈርና በጤፍ ጭድ ተደለደለ። ለምግብ ማዘጋጃው ከጎረቤት ጋር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ተካፈሉ። ለመክተፊያ ሁለት ሳንቃ ተጠረበ።

ነገር ግን አንድ ስሕተት ሠሩ። ፋሲካ ደርሶ ነበርና ባል ቸኮለ። የተሠራውን ሲሚንቶ ውሃ ሳያጠጣ በአራተኛው ቀን አነሣው። መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ።

“ምን ይደረግ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” አለ ባል አዝኖ።

“አይዘኑ። ጎረቤታችን የእሷን አጠጥታዋለች። ከእሷ ተምረን እንደገና እንሠራዋለን። የተሰነጠቀው ደግሞ የእንስራ ማስቀመጫ ይሆናል” አለች ሚስት።

ከሰኔ በፊት ሁለተኛውን ሠሩ። ሰባት ቀን ውሃ ያጠጣው ያ ክንዱ የተቃጠለው ልጅ ከእናቱ ጋር ሆኖ ነው። በጣሳ ውሃ ያፈስበት ነበር። ዛሬ እናቱ ቀጥ ብላ ቆማ ትከትፋለች። ድስቱ ሕፃን እጁ ከማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።

10. እንዳንረሳ

ለእሳት ጭቃ ይሻላል። ለመክተፍ እንጨት ይሻላል። ለማጠብና ለማዘጋጀት ጥቁር ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ይሻላል። ገንዘብ ያለው በአንድ ጊዜ ይሥራ። ገንዘብ ያጠረው ዘንድሮ የጭቃውን መደብ ይሥራና በላዩ የሚቀመጠውን ለከርሞ ያስብ። ዛሬ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ማለት ምንም ካለማድረግ ይበልጣል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባል የለ?

ጥያቄዎች

1. መሬት ላይ ምግብ ማዘጋጀት የሚያመጣቸው ሦስት ጉዳቶች ምንድን ናቸው?
2. በእናንተ አካባቢ ያለው አፈር መረሬ ነው ወይስ ቀይ? በምን ትፈትኑታላችሁ?
3. ሎሚ ሲንጠባጠብበት አረፋ የሚያወጣ ድንጋይ ለማድ ቤት ለምን አይመረጥም?
4. የባልዬው ሲሚንቶ ለምን ተሰነጠቀ?
5. በቤታችሁ የእናትን ወይም የሚስትን ክርን ከመሬት ለኩ። መደቡ ስንት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመቻታል? በደብተራችሁ ጻፉ።